በፌስታል የመጡ ዘጠኝ ዲስኬቶች፦ የዶስ ፕሮግራምን አዲስ ላፕቶፕ ላይ ማስነሳት

ዲስኬቶቹ የመጡት በፌስታል ነው። ዘጠኝ ናቸው፤ ስምንቱ ጥቁር፣ አንዱ ሰማያዊ። ሰማያዊው ላይ በእስክሪብቶ «ዋናው፣ እንዳይነካ» ተብሎ ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።

በ1993 ዓ.ም. ዳታ ክለርክ ነበርኩ። አንድ የሕፃናት አመጋገብ ጥናት ላይ ተቀጥሬ፣ ከገጠር በካርቶን እየታሸገ የሚመጣውን መጠይቅ ኮምፒውተር ውስጥ ሳስገባ እውል ነበር። ጥናቱን ይመሩ የነበሩት ዶክተር ጡረታ ወጥተው አሁን ሐዋሳ ናቸው። ባለፈው ኅዳር ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ያ ዳታችን ይነሳል ወይ?» አሉኝ። ዕቃ ቤት ሲያጸዱ ነው ያገኙት። በሳምንቱ ሰው ይዞልኝ መጣ፤ አብሮም ፕሮግራሙ ያለበት አንድ ሲዲ ነበር።

ፕሮግራሙ ኤፒ ኢንፎ 6 ይባላል። አትላንታ ያለው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ያወጣው የዶስ ፕሮግራም ነው፤ ዶስ ማለት ከዊንዶውስ በፊት ኮምፒውተሮች ይሠሩበት የነበረው፣ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት ሥርዓት ነው። በነፃ የሚታደል፣ ኮፒ ማድረግም የሚበረታታ ነበር። በዚያን ጊዜ ጤና ጥናት አካባቢ የነበረ ሰው ስሙን ሲሰማ ፈገግ ይላል። መጠይቁን እዚያው ትጽፋላችሁ፣ ዳታውን ታስገባላችሁ፣ እዚያው ትተነትናላችሁ። ሁሉም ነገር በኪቦርድ ነው።

እኔ የምናገረው በእሱ ነው። መንገዱ ግን የሱቅ ሒሳብም ይሁን፣ የደመወዝ ፕሮግራምም ይሁን፣ የቤተ መጻሕፍት ካታሎግም ይሁን፣ ለማንኛውም የዶስ ፕሮግራም ይሠራል።

መጀመሪያ የማይሠራውን ልንገራችሁ፤ እኔ አንድ ምሽት አባክኜበታለሁ። ፕሮግራሙን ዊንዶውስ 11 ላይ ሁለቴ ክሊክ ብታደርጉት «ይህ አፕ በዚህ ፒሲ ላይ ሊሠራ አይችልም» የሚል ሰማያዊ ሳጥን ይወጣል። ያን ጊዜ የሁላችንም እጅ ወደ ፕሮፐርቲስ ይሄድና ኮምፓቲቢሊቲ የምትለዋን ታብ ይከፍታል። ዊንዶውስ 95ን ምረጡ፣ 98ን ምረጡ፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። የዶስ ፕሮግራሞች የተጻፉት 16 ቢት ለሚባለው አሠራር ነው። 32 ቢት የነበሩት ዊንዶውሶች፣ ኤክስፒም 7ም፣ ሆዳቸው ውስጥ ዶስን የሚያስመስል ክፍል ነበራቸው። 64 ቢቱ ላይ ይህ ክፍል የለም። ፕሮሰሰሩም ቢሆን በ64 ቢት ሲሠራ እነዚያ ፕሮግራሞች ይገቡባት የነበረችውን በር ይዘጋታል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ ጀምሮ 64 ቢት ብቻ ነው። ስለዚህ ዊንዶውስን መለማመጥ ትርፉ ድካም ነው።

ጥቁር ስክሪን ያለው ሁሉ ግን ዶስ አይደለም። አንዳንዱ የድሮ የኮማንድ ፕሮግራም 32 ቢት ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ዛሬም ዝም ብሎ ይከፈታል። ሞክሩት፤ ከተከፈተ ከዚህ በታች ያለው አይመለከታችሁም።

እንግዲህ ካልተከፈተ፣ ፕሮግራሙን ከማስነሳታችሁ በፊት ዳታውን አውጡ። ፕሮግራሙን ነገም ከነገ ወዲያም ማግኘት ይቻላል። ዲስኬቱ ግን ዛሬ አንብቦ ነገ እምቢ ሊል ይችላል።

በዩኤስቢ የሚሰካ የዲስኬት ማንበቢያ ከአንድ ጓደኛዬ የጥገና ሱቅ ተዋስኩ። ዲስኬቱን ከማስገባታችሁ በፊት ገልብጡትና ጥጉ ላይ ያለችውን ተንሸራታች ፕላስቲክ እዩ። ቀዳዳዋ ክፍት ሆና ብርሃን ካሳለፈች ዲስኬቱ ላይ ምንም ሊጻፍ አይችልም፤ እንደዚያ አድርጓት። ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ይመስለዋል። እኔም ያኔ ሁልጊዜ እሳሳት ነበር።

ሰባቱ እንደገቡ ተነበቡ። ስምንተኛው ክርር፣ ክርር ካለ በኋላ ዊንዶውስ አንድ ጥያቄ አመጣ፦ «ይህን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ አለብህ፤ ፎርማት ላድርገው?» እባካችሁ እሺ እንዳትሉ! ይህ ሳጥን ስንቱን ሰው አስለቅሷል። ካንስል በሉና አውጡት፤ ትንሽ ቆይታችሁ ደግማችሁ አስገቡት። አሁንም እምቢ ካለ ሌላ ማንበቢያ ፈልጉ። የአንዱ ማንበቢያ ጭንቅላት ከሌላው ትንሽ ስለሚዛነፍ፣ አንዱ ያልቻለውን ሌላው ሊያነበው ይችላል። የእኔ ስምንተኛ በሌላ ማንበቢያ በሦስተኛው ሙከራ ወጣ። ሰማያዊው፣ ያ «እንዳይነካ» የተባለው፣ እስከ መጨረሻው አልወጣም። ደግነቱ ኮፒው ከጥቁሮቹ አንዱ ላይ ነበር።

ዘጠኙ ዲስኬት ቢደመር 13 ሜጋባይት አይሞላም። ዛሬ ልጆች በስልክ የሚያነሱት ሁለት ሦስት ፎቶ ነው። ያኔ ለእኛ የስምንት ወር ሥራ ነበር። ኮፒውን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱን ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱን ፍላሽ ላይ። የምትሠሩበት ደግሞ ሦስተኛ ኮፒ ይሁን።

አሁን ወደ ማስነሳቱ። ዊንዶውስ ያንን አሮጌ ማሽን ካላገኘልን፣ አዲሱ ውስጥ አሮጌ ማሽን እንሠራለን። ይህን የሚያደርገው ዶስቦክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው። የተሠራው የድሮ ጌሞችን ለመጫወት ነው፤ ጌም ለማይጫወቱት ለእኔና ለዶክተሩም ግን በቅቶናል። የምናገረው ስለ 0.74-3 ነው። ከራሱ ድረ ገጽ አውርዱት፣ እንደማንኛውም ፕሮግራም ኢንስቶል አድርጉት።

ከዚያ ሲ ድራይቭ ላይ አንድ ፎልደር ክፈቱ። ስሙ አጭርና በእንግሊዝኛ ፊደል ይሁን፤ እኔ «ኦልድ» ብዬዋለሁ፣ ኦ፣ ኤል፣ ዲ። ዶስ ከስምንት ፊደል በላይ የሆነ ስም አይወድም፤ አማርኛ ፊደልማ ጭራሽ አያውቅም። ዴስክቶፕ ላይ አታስቀምጡት፤ መንገዱ ይረዝምና ትቸገራላችሁ። የፕሮግራሙን ፎልደር ከሲዲው ገልብጣችሁ «ኦልድ» ውስጥ ክተቱት። የእኛ ፎልደር «ኤፒ6» ይባላል፤ ኢ፣ ፒ፣ አይ፣ ስድስት።

ዶክተሩ በራሳቸው ላፕቶፕ ላይ ካላየሁት ስላሉ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉ በስልክ ነው ያስጻፍኳቸው። ስለዚህ ለእናንተም እንደዚያው ፊደል በፊደል እነግራችኋለሁ። እናንተ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉት።

ዶስቦክስን ስትከፍቱት ሁለት መስኮት ይመጣል። አንዱን እርሱት፣ ግን አትዝጉት። በሌላኛው ላይ «ዜድ» የሚል ፊደልና ብልጭ ድርግም የምትል ሰረዝ አለች። እዚያ ላይ ኤም፣ ኦ፣ ዩ፣ ኤን፣ ቲ ብላችሁ ጻፉ፤ ማውንት ነው። ስፔስ። ሲ። ስፔስ። ሲ፣ ኮለን፣ ባክስላሽ፣ ኦ፣ ኤል፣ ዲ። ኢንተር። ትርጉሙ «ይህን ፎልደር እንደ ሲ ድራይቭ ቁጠረው» ነው። አሮጌው ማሽን ከዚያ ፎልደር ውጭ ያለውን አያይም፤ ይህ ደግሞ ጥሩ ነው። ሙሉውን ሲ ድራይቭ እንዳትሰጡት። አንድ የተሳሳተ የማጥፊያ ትእዛዝ ከጻፋችሁ ጉዳቱ ከፎልደሩ አይወጣም።

ቀጥሎ ሲ፣ ኮለን፣ ኢንተር። «ዜድ» የነበረው «ሲ» ይሆናል። ቀጥሎ ሲ፣ ዲ፣ ስፔስ፣ ኢ፣ ፒ፣ አይ፣ ስድስት፣ ኢንተር፤ ፎልደሩ ውስጥ ገባችሁ። ከዚያ ራሱን የፕሮግራሙን ስም፣ ኢ፣ ፒ፣ አይ፣ ስድስት፣ ኢንተር። ሜኑው ይመጣል።

እኔ ዘንድ መጣ። ሐዋሳ ግን አልመጣም።

«ልጄ፣ ኮለኗን ስጫን ሌላ ነገር ነው የሚጽፈው» አሉኝ።

«ሺፍት ይዘው ነው ዶክተር?»

«ይዣለሁ። ዋይን ስጫንም ዜድ ይመጣል።»

ያኔ ገባኝ። ላፕቶፑን ልጃቸው ከጀርመን የላከላቸው ነው። የጀርመን ኪቦርድ ላይ ዋይና ዜድ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ኮለንና ባክስላሽም ሌላ ቦታ ናቸው። ዶስቦክስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኪቦርዱን የአሜሪካ አድርጎ ነው የሚያየው። ላፕቶፓችሁ ከአውሮፓ የመጣ ከሆነ ይህ ሊገጥማችሁ ይችላል። በጎን የቁጥር ኪቦርድ ካላችሁ፣ አልት ይዛችሁ 58ን ስትጽፉ ኮለን፣ 92ን ስትጽፉ ባክስላሽ ይመጣል። የዶክተሩ ላፕቶፕ የቁጥር ኪቦርድ የለውም።

መፍትሔው ዶስቦክስ ውስጥ ምንም አለመጻፍ ነው። ስታርት ሜኑ ላይ በዶስቦክስ ስም ከተደረደሩት መካከል ኦፕሽንስ የሚል አለ። እሱን ስትከፍቱ ረጅም ጽሑፍ በኖትፓድ ይመጣል። ምኑንም አትንኩ። እስከ መጨረሻው ውረዱ። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ «ኦቶኤግዜክ» የሚል ርዕስ ታገኛላችሁ። ከሱ በታች የምትጽፉትን ሁሉ ዶስቦክስ በተከፈተ ቁጥር ራሱ ያስፈጽመዋል። ቅድም ያልኳችሁን አራት ትእዛዞች፣ እያንዳንዱን በየራሱ መስመር፣ እዚያ ጻፏቸውና ሴቭ አድርጉ። ኖትፓድ የዊንዶውስ ስለሆነ ኮለኑም ባክስላሹም እንደ ተለመደው ይጻፋሉ። ኪቦርዳችሁ ደህና ቢሆንም ይህን አድርጉት፤ በየቀኑ ከመጻፍ ያድናል።

ዶክተሩ ሴቭ አድርገው ዘጉ። እንደገና ከፈቱ። ከሐዋሳ የሰማሁት «ኦሆሆ!» የሚል ድምፅ ነው።

ከተከፈተ በኋላ ማወቅ ያለባችሁ ጥቂት ነገሮች አሉ። የመስኮቱ አናት ላይ 3000 ሳይክልስ የሚል ታያላችሁ፤ ያ የአሮጌው ማሽን ፍጥነት ነው። ትንተናው ቀሰስ ካለባችሁ ኮንትሮል ይዛችሁ ኤፍ12ን ንኩ፤ ይጨምራል። ኤፍ11 ይቀንሳል። እስከ ጥግ ግን አትልቀቁት። ቱርቦ ፓስካል በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ የተጻፉ ብዙ የዶስ ፕሮግራሞች ማሽኑ ሲፈጥንባቸው ገና ሲነሱ «ራንታይም ኤረር 200» ብለው ይሞታሉ፤ ለዜሮ ማካፈል ማለት ነው። ምክንያቱ ያስቃል። ፕሮግራሙ ሲነሳ 55 ሚሊሰከንድ ውስጥ ስንት ዙር መቁጠር እንደሚችል ይለካና ለ55 ያካፍለዋል። ፈጣን ማሽን ላይ ድርሻው ከተመደበለት ቦታ ያልፋል፤ ፕሮሰሰሩ ይህንን እንደ ዜሮ ማካፈል ይቆጥረዋል። የጻፉት ሰዎች ኮምፒውተር እንዲህ ይፈጥናል ብለው አላሰቡም። ይህ ቁጥር ከመጣባችሁ ፕሮግራሙ አልተበላሸም፤ ፍጥነቱን ቀንሱና እንደገና አስነሱት።

ኮንትሮልና ኤፍ9ን አንድ ላይ አትንኩ። ዶስቦክስ ሳይጠይቅ በአንዴ ድርግም ይላል፤ ሴቭ ያላደረጋችሁት አብሮ ይሄዳል። የመብራት መጥፋት ለለመደ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ግን በገዛ እጅ ሲሆን ያናድዳል። በዊንዶውስ በኩል ፎልደሩ ውስጥ አዲስ ፋይል ከጨመራችሁ ደግሞ ዶስቦክስ ወዲያው አያየውም፤ ኮንትሮልና ኤፍ4 ያሳየዋል። ማውዛችሁ መስኮቱ ውስጥ ከታሰረ ኮንትሮልና ኤፍ10 ይፈታዋል።

ፕሪንት የሚለውን እርሱት። ይህ ዶስቦክስ ፕሪንተር አያውቅም። እኛ ያደረግነው ውጤቱን ወደ ፋይል መላክ ነው። ኤፒ ኢንፎ ትንተናው ላይ «ራውት» የሚል ትእዛዝ አለው፤ አር፣ ኦ፣ ዩ፣ ቲ፣ ኢ፣ ከዚያ ስፔስና የፋይል ስም። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ሠንጠረዥ ሁሉ ፋይሉ ውስጥ ይገባል። ፋይሉን በኖትፓድ ስትከፍቱ የሠንጠረዡ መስመሮች ነጥብ የተጫነባቸው የፈረንጅ ፊደሎች ሆነው ይመጣሉ። አትደንግጡ፤ ዶስ መስመር የሚሥለው ኮድ 437 በሚባለው የፊደል ገበታ ነው። ሊብሬ ኦፊስ በሚባለው ነፃ የቢሮ ፕሮግራም ስትከፍቱ የፋይል ዓይነቱን «ቴክስት - ቹዝ ኢንኮዲንግ» አድርጉት፤ የፊደል ገበታውን ምረጥ ይላችኋል፤ 437ን ስጡት፣ መስመሩ ይስተካከላል።

በየቀኑ ፕሪንት የሚያደርግ የሱቅ ወይም የደመወዝ ፕሮግራም ያላችሁ ከሆነ ግን ከመጀመሪያውም ይህን ዶስቦክስ ትታችሁ ዶስቦክስ ኤክስን ወይም ቪዶስን ሞክሩ። ሁለቱም ወደ ዊንዶውስ ፕሪንተር ይልካሉ። ቪዶስማ የተሠራው ለቢሮ ፕሮግራም ነው። ሊኑክስም ማክም ላይ ዶስቦክስ አለ፤ ትእዛዞቹ ያው ናቸው፣ የፎልደሩ አድራሻ ብቻ ይለያል። ምንም አልሆን ካለ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚያስመስል ፕሮግራም ውስጥ፣ ፍሪዶስ የሚባለውን ነፃ ዶስ መጫን ይቻላል። እኔ እስካሁን እዚያ አልደረስኩም።

አሁን ስለ ዳታው ራሱ። የኤፒ ኢንፎ 6 ዳታ ፋይል ስሙ ነጥብ፣ አር፣ ኢ፣ ሲ ብሎ ያልቃል። ውስጡ ተራ ጽሑፍ ነው። በኖትፓድ ብትከፍቱት ከላይ መጠይቁ፣ ከሱ በታች ሰው በሰው ቁጥሮች ተደርድረዋል። መስመሩ በቃለ አጋኖ ካለቀ መዝገቡ ደህና ነው፤ በጥያቄ ምልክት ካለቀ ያኔ ዲሊት የተደረገ ነው። ዲሊት የተደረገውም እዚያው ቁጭ ብሏል! አይታችሁ ዝጉት፤ ሴቭ አታድርጉ። አንድ ስፔስ ከተጨመረ ሰልፉ ይዛባል።

ለዘለቄታው ከዶስ ማውጣቱ ይሻላል። ኤፒ ኢንፎ ራሱ ኤክስፖርት የሚል ሜኑ አለው፤ ዲቤዝ የሚባለውን የፋይል ዓይነት መርጣችሁ ያወጣችሁትን ፋይል ሊብሬ ኦፊስ ካልክ ይከፍተዋል። ዴንማርክ የተሠራው ኢፒዳታ የሚባለው የዳታ ማስገቢያ ፕሮግራምም አር፣ ኢ፣ ሲውን በቀጥታ ያነባል። አር በሚባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም የምትሠሩም ፎሪን የሚባለው ፓኬጅ ይህን ፋይል የሚያነብ ፈንክሽን አለው።

ቀኖቹን ግን አትመኑ። ይህን ማንም መመሪያ አይነግራችሁም። የፕሮግራሙ የቀን ቦታ የፈረንጅ ካላንደር ነው የሚያውቀው። እናቶች የልጆቻቸውን ልደት የሚነግሩን በእኛ አቆጣጠር ነበር። ጥቅምት 30 የተወለደ ልጅ ሲመጣ 30/02 ብለን እንጽፋለን፤ ማሽኑ ይጮሃል፣ ፌብሩዋሪ 30 የለውማ። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለሆነች ጭራሽ አትታሰብም። እና ምን አደረግን? ጥቅምት 30ን 28 አልነው። ጳጉሜን 3ን መስከረም 1 አልነው። ወደ ሁለት መቶ መጠይቅ ካስገባን በኋላ ነው ዶክተሩ አይተው ቀንን፣ ወርንና ዓመትን ለየብቻ በቁጥር እንድናስገባ ያደረጉት። ስለዚህ አሮጌ ዳታ ላይ 28/02 ከልክ በላይ ከበዛባችሁ ምክንያቱን አሁን ታውቃላችሁ። ወረቀቱ ካለ ወደ ወረቀቱ ተመለሱ።

ዶክተሩ አሁን በየማታው ይከፍቱታል። ኤክሴል ላይ አውጥቼ ላክሁላቸው፤ «እሱን ተወው፣ እዚህ ነው የሚመቸኝ» አሉ። ባለፈው እሑድ ደወሉ።

«ልጄ፣ መዝገብ 417 ላይ ያለው ልጅ ዕድሜው አሥራ አራት ወር ነው።»

«እሺ ዶክተር።»

«ክብደቱ 112 ኪሎ ይላል።»

11.2 ነው። ነጥቧን ረስቻታለሁ። ከእያንዳንዱ መዝገብ ሥር ያስገባው ሰው ኮድ ስላለ ሌላ ሰው ላይ ማላከክም አልቻልኩም።